የኔነሽ አንገቷን አልደፋችም

አርብ ገበያ ከተማ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የስፌት መኪና የረገጠች የመጀመሪያዋ ሴት የኔነሽ ናት ቢባል የሚከራከር የለም። ከእሷ በፊት ስፌት የወንድ ሥራ ነበር። ባሏን ፈትታ፣ ጡት ያልጣለች ልጇን አዝላ ከስማዳ ገጠር ስትመጣ ዘመዶቿ ሁሉ ጠላ ጠምቃ ትኖራለች ብለው ነበር ያሰቡት። እሷ ግን ንፋስ መውጫ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ክር እየለቀመች፣ ቁልፍ እየተከለች ከረመችና ሙያውን ይዛ፣ አሮጌ ሲንጀር በጭነት መኪና አስጭና ተመለሰች።

በመጀመሪያው ሰሞን ወንዶቹ ሰፊዎች ይስቁባት ነበር። «ሴት ልጅ አደባባይ ተቀምጣ መኪና ስትረግጥ አታፍርም?» አላት አንዱ።

«እናንተ አደባባይ ላይ የሴት ወገብ ስትለኩ ያላፈራችሁት፣ እኔ ምን በወጣኝ አፍራለሁ!» አለችው።

የከተማው ሴቶች ይህን ሲሰሙ ጨርቃቸውን እየያዙ ወደ እሷ ዞሩ። የተማሪዎቹም ደንብ ልብስ ቀስ በቀስ በእጇ ገባ። እንዲህ እየሰፋች ልጇን ኢየሩሳሌምን አሳደገች።

ኢየሩሳሌም በ2008 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከእናቷ ጋር እንደ እህት የምታወራ ልጅ ነበረች። የደንብ ልብሱ ወቅት ሲያልፍ የኔነሽ ስልክ ገዛችላት፤ የክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለያዙ የእኔዋስ ለምን ይቅርባት ብላ ነው። ከየኔነሽ በረንዳ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ጠባብ ክፍል ውስጥ አበጀ የሚባል ወጣት ኮምፒውተር አስቀምጦ መዝሙርና ዘፈን በሚሞሪ ይጭን ነበር። ስልክ ይጠግናል፤ ፎቶ ያትማል፤ ፌስቡክ መክፈት ላላወቀ ተማሪም እሱ ይከፍትለታል። ያን ጊዜ ልጆቹ ስልካቸውን ይሰጡታል፤ እሱ ፓስወርዱን ራሱ አውጥቶ ይነግራቸዋል። የተሰጣቸውን ፓስወርድ መቀየር እንደሚቻል እንኳ አብዛኞቹ አያውቁም። ኢየሩሳሌምም እንደ ሌሎቹ አበጀ ዘንድ ገብታ አስከፈተች።

አበጀ ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የየኔነሽን መኪና ወደ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። «እትየ የኔነሽ» ሳይል ጠርቷት አያውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ኢየሩሳሌም ተለወጠች። መጀመሪያ ምግብ ቀነሰች። ቀጥሎ ራሴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትደነግጣለች። ጎረቤቶች «ዓይን ነው ያገኛት» አሉ። የኔነሽ ጠበል ወሰደቻት፤ ልጅቱ በጠበሉ ቦታ ትንሽ ፈታ ትልና ቤት ስትመለስ ያው ነው።

አንድ እሑድ የኔነሽ ከቅዳሴ ስትመለስ ከጓሮ የድንጋይ ድምፅ ሰማች። ዞራ ስታይ ኢየሩሳሌም ስልኳን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በወፍጮ መጅ ልትፈረክሰው መጁን ከፍ አድርጋለች። የኔነሽ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን አደረገሽ ስልኩ? አብደሻል?»

«ልቀቂኝ እማየ! ልስበረውና ልገላገል!»

«ከምኑ ነው የምትገላገይው?»

ኢየሩሳሌም መጁን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የወጣው። አንድ የማታውቀው ሰው፣ ፌስቡክ ላይ ስሙን «ደጉ ልብ» ያለ፣ ፎቶዋን ልኮላት ነበር። የራሷኑ ፎቶ። «ይህ በእጄ ነው» ይላል። «እርቃንሽን ሆነሽ ተነሥተሽ ካልላክሽልኝ ለመምህሮችሽም ለዘመዶችሽም እበትነዋለሁ። እናትሽ በከተማው ቀና ብላ አትሄድም።» እምቢ ስትለው ዛቻው በዛ። ለምና፣ አልቅሳ ጽፋለታለች። እሱ ግን ስታለቅስ ባሰበት።

የኔነሽ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ መልእክቶቹን ራሷ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። እጇ ተነሣ። ልትመታት ነበር፤ ይህን አትደብቅም። «ምን ዓይነት ፎቶ ነው የተነሣሽው?» ብላ ጮኸች። ኢየሩሳሌም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያኔ የኔነሽ ልጇ የምትፈራው ያን ሰው ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ይህችኑ የእናቷን እጅ ነው ስትፈራ የከረመችው። እጇን አወረደች።

«አሳይኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኢየሩሳሌም አሳየቻት። እዚያው ጓሮ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ አንገቷና ክንዷ ተገልጦ፣ ራሷን አጎንብሳ ጸጉሯን ስትታጠብ ነው። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እየሳቀች ነው። ጓደኛዋ ሀይማኖት በጨዋታ ያነሣቻት ፎቶ ነበር።

የኔነሽ ደጋግማ አየችው።

«ይኸ ነው?»

«አዎ።»

«ይኸማ ልጄ ጸጉሯን ስትታጠብ ነው!» አለች። «በዚህ ነው እንዴ ሰው እህል የሚተው?»

ኢየሩሳሌም ቀና ብላ አየቻት። እናቷ እንደምትገድላት ነበር ያሰበችው። ከዚያ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የኔነሽ ግን ለቅሶውን ቶሎ አቆመችና ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው።

የኔነሽ ታላቅ ወንድም ጣሰው ከስማዳ የመጣው በማግሥቱ ነው። የእህቱ ልጅ ታመመች ሲሉት በእግሩ ነው የመጣ። ነገሩን ሲሰማ ዱላውን መሬት ላይ ደጋግሞ ቆረቆረ።

«ልጅቱን እኔ ልውሰዳት» አለ በመጨረሻ። «ነገሩ ሳይሰማ አንድ ደህና ገበሬ ፈልገን እንድራት። ኋላ ስሟ ከጠፋ የሚወስዳት አይገኝም።»

«አያ ጣሰው፣ እሷ ምን ሠርታ ነው የምትሸሸው?»

«አልሠራችም። ሰው ግን ይህን አይጠይቅም።»

«እኔ እጠይቃለሁ!» አለች የኔነሽ። «እሷን ከትምህርቷ ነቅለን ገጠር ደብቀን፣ እሱን ከተማው መሀል ልናስቀምጠው ነው? በዳይ ተቀምጦ ተበዳይ አትሰደድም። ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

ጣሰው ተቆጥቶ ሳይሰናበት ሄደ።

የኔነሽ ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ኮምፒውተር የምታስተምረው ትዕግሥት የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች። ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸውና መልእክቶቹን አየች። ኢየሩሳሌም መልእክቶቹን ልታጠፋቸው እንደነበር ስትነግራት መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እንኳን አላጠፋሻቸው። አንድም ነገር እንዳትነኪ። መልስም አትስጪው፤ አትለምኚው፤ አትሳደቢው። የሚፈልገው መፍራትሽን ማየት ነው። አሁን ንገሪኝ፤ ይህን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አውጥተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በፍጹም። ለማንም አልላክሁትም። ሚሞሪው ውስጥ ብቻ ነው ያለ።»

«ሚሞሪውን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለጥምቀት መዝሙር ላስጭን ብየ... ለአበጀ» አለች ኢየሩሳሌም። «ፌስቡኬንም የከፈተልኝ እሱ ነው። ፓስወርዱን ያውቀዋል።»

የኔነሽ ከወንበሩ ተነሣች። በር ላይ ስትደርስ ነው መምህርቷ ነጠላዋን የያዘችው።

«እትየ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ልጠይቀው ነዋ! ግድግዳ እየተጋራሁት፣ በልጄ ላይ!»

«አሁን ከሄዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ከዚያ እርስዎ ተሳዳቢ፣ እሱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ንዴትዎን ትንሽ ያቆዩት።»

አብረው ወደ ፖሊስ ሄዱ። የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የምትይዝ አንዲት ፖሊስ ቃላቸውን ተቀበለች፤ ሱቁን ለመፈተሽ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እስከ ነገ ታገሡ፣ ሰውየው እንዳይጠረጥር እንደ ወትሯችሁ ሁኑ አለቻቸው።

ያ ቀን በየኔነሽ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከበደው ነው። መኪናዋን እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ አውጥታ ተቀመጠች። አበጀ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«እትየ የኔነሽ፣ ኢየሩስ አሁንም አልተሻላትም እንዴ?» አላት።

«እየተሻላት ነው» አለች፤ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ።

«እግዜር ይማራት። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ የኔነሽ ኪስ ውስጥ ያለው የልጇ ስልክ ተንቀጠቀጠ። በስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳ፣ ጨርቁን ከለላ አድርጋ አየችው። «ዝም ብለሽ የት ትደርሻለሽ? አርብ ገበያ ለሞላው ሕዝብ አሳይልሻለሁ» ይላል። ቀና ስትል አበጀ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ወደ እሷ ፈገግ አለ።

የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ እጅጌ ያን ቀን ተገልብጦ ተሰፋ። የኔነሽ ግን ከበረንዳው አልተነሣችም። ብነሣ ኖሮ መቀሱን ይዤ ነበር የምነሣው ትላለች።

በማግሥቱ ፖሊሶች ፈቃዱን ይዘው መጡ። አበጀ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «የደንበኛ ፋይል ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ኮምፒውተሩ ሲነቀል ላብ በላብ ሆነ። የኔነሽ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ሰው ተሰበሰበ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የብዙ ተማሪዎች ፎቶ፣ በየስማቸው ተለይቶ ተገኘ። ስልኩም ሲፈተሽ «ደጉ ልብ» የተባለው ሰው እሱ ራሱ ሆነ፤ አበጀም ታሰረ።

የኔነሽ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ጭራሽ ያኔ ጀመረ።

ፖሊሷ የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ስትጠራ አንድም ሰው ልጄ ናት የሚል ጠፋ። «የኔ ልጅ የለችበትም፤ ስሟንም እንዳትጠሩ» አሉ። የኢየሩሳሌም ጓደኛ የሆነችው የሀይማኖት አባት ይግዛው እንኳ፣ የልጁ ፎቶ እዚያው እንዳለ እየተነገረው፣ «እኔ ስም አለኝ» ብሎ ወጥቶ ሄደ። በከተማው ወሬው ተገለበጠ። «ልጅቱ ራሷ ባትልክለት ከየት ያገኘዋል?» «እናቷስ አደባባይ የለመደች አይደለች!» አንዳንዶች ሊያሰፉ የሰጡትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ወሰዱ። የኔነሽ ጨርቁን አጣጥፋ ትሰጣቸውና «ሌላ ሰፊ ሲያበላሽባችሁ ተመለሱ» ትላቸዋለች።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ስለ ውጤትና ስለ አጥር እድሳት ሲወራ ቆይቶ ሊበተን ሲል የኔነሽ እጇን አወጣች።

«እኔ የኢየሩሳሌም እናት ነኝ» አለች። «የምታወሩባት ልጅ የእኔ ናት። ፎቶው ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ጸጉሯን ስትታጠብ ነው። ሰውየው ሌላ አምጪ አላት፤ እምቢ አለች። ልጄ ጥፋቷ ይህ ነው። አሁን እናንተን ልጠይቅ። ቤታችሁ ልጅ አለች፤ ምግብ የተወች፣ ስልኳ ሲጮህ የምትደነግጥ። እሷ ያንን ሰው ከምትፈራው ይበልጥ እናንተን ነው የምትፈራው። እኔንም ፈርታኝ ነበር። ለእኔ ከመንገር መሞትን መርጣ ነበር! ልጆቻችሁን ፍሩኝ እያላችሁ አሳድጋችሁ፣ ሲጨንቃቸው ወደ ማን እንዲሄዱ ነው?»

አንድ ሰውዬ ከኋላ «ሴትዮ፣ ይህ በአደባባይ አይወራም» አለ።

«እሱም የሚተማመነው በዚህ ነበር» አለችውና ተቀመጠች።

ከስብሰባው በኋላ የአበጀ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ። ደምሌ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ሌሎች ሁለት፣ ከነሱም ጋር የየኔነሽ የንስሐ አባት ቄስ ወልደ ሩፋኤል መጡ። የኔነሽ «ይፍቱኝ አባ» ብላ መስቀል ተሳለመች፤ ወንበር አቀረበች።

«ልጄ» አሉ አቶ ደምሌ፣ «ወጣት ነው፤ ተሳሳተ። አሁን እሱ እስር ቤት ቢበሰብስ ላንቺ ምን ይጠቅምሻል? ክሱን ተይ። ዘመዶቹም ደግ አስበዋል። ሲፈታ ልጅሽን በወግ በማዕረግ ያገባታል። ነገሩ ተሸፈነ፣ የሷም ስም ዳነ ማለት ነው።»

ኢየሩሳሌም ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። የኔነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት መጋረጃውን ገልጣ «ነይ እዚህ» አለቻት። ልጅቱ መጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች።

«አባቶቼ፣ ፊቷን እያያችሁ ድገሙት» አለች የኔነሽ። «ያስፈራራሽን ሰው አግቢው በሏት።»

አቶ ደምሌ ወደ መሬት አዩ። ከሌሎቹ አንዱ «አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ ተረግጦ አይሆንም!» ብሎ ተቆጣ።

«ሽማግሌ አልረገጥሁም። ቤቴ ገብታችሁ ልጄን ሌባዋ ይውሰዳት ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ክሱን አልተውም። ንብረት ቢሰጡኝም አልተውም። እግሬ ላይ ቢወድቁም አልተውም። ይህን ንገሯቸው።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል እስከዚያ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ለእርቅ ነው ብላችሁ ነው ያመጣችሁኝ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «እርቅ የበደለ በደልሁ ብሎ ሲመጣ ነው። ይህ ሕፃን መሸጥ ነው፤ እኔ የለሁበትም።» ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው በመስቀላቸው ግንባሯን ባረኩ። «አንቺ ምንም ኃጢአት የለብሽም፤ ሰማሽ?» አሏት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ፣ በስልክ የሚያስፈራሩት ልጅ ካለ ለእናት ለአባቱ ይንገር፣ እነሱ ካልሰሙት ደጀ ሰላም ድረስ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ ብለው ተናገሩ።

የአበጀ ሰዎች ግን ተናደዱ። ከእነሱ አንዱ፣ ማን እንደሆነ በእርግጥ አልታወቀም፣ አበጀ ከመታሰሩ በፊት የላከለትን ፎቶ ከአሳፋሪ ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ኢየሩሳሌም ያየችው ሐሙስ ከትምህርት ስትመለስ ነው። መምህርቷ እንዳስተማረቻት መጀመሪያ ገጹን ፎቶ አንሥታ ለማስረጃ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ለፌስቡክ ሪፖርት አደረገችው። ፎቶው ግን እስኪወርድ ድረስ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ።

ስብሰባ መሀል የተናገረችው፣ ሽማግሌ የመለሰችው የኔነሽ ያን ቀን ፈራች።

«ነገ ገበያ ነው» አለች። «ገጠሩም ከተማውም ይመጣል። አንቺ ከቤት አትውጪ። እኔም ሥራውን ልተወው።»

«አይሆንም እማየ» አለች ኢየሩሳሌም። «ነገ ትምህርት ቤት ሄጀ፣ ስመለስ በረንዳው ላይ አንቺ ዘንድ እቀመጣለሁ።»

«ይስቁብሻል ልጄ።»

«ይሳቁ። የምፈራው እንዳይለጥፈው ነበር። ለጠፈው። ከዚህ ወዲያ ምን ያመጣል?»

አርብ ዕለት ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። እህል የጫኑ አህዮች በበረንዳው ፊት ይተላለፋሉ። ኢየሩሳሌም ደንብ ልብሷን እንደለበሰች ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ሰው እያየ ያልፋል፤ አንዳንዱ ይንሾካሾካል። እኩለ ቀን ላይ የጎረምሶች ቡድን መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ከመሀላቸው አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ፎቶሽን አየነው እኮ!» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ።

የኔነሽ ልትነሣ ስትል ልጇ ቀደመቻት። ቁልፉንና መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

«ጸጉሬን እየታጠብሁ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ምነው፣ አንተ ታጥበህ አታውቅም?»

ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። አንዲቱ «ኧረ ሽታው ራሱ ታጥቦ አያውቅም ይላል!» አለች። ሳቁ ከመደብ ወደ መደብ ተላለፈ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ በሰው መሀል ሹልክ አለ።

ከዚያ በኋላ ጣሰው መጣ። ተቆጥቶ ከሄደ ወዲህ አልታየም ነበር። ገብስ የጫነ አህያውን ምሰሶው ላይ አሰረና፣ ማንንም ሰላም ሳይል፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ገብሱን አትሸጠውም እንዴ አያ?» አለችው የኔነሽ።

«የፈለገ እዚህ መጥቶ ይገዛኛል» አለ። ገበያው እስኪበተን ከዚያ አልተነቃነቀም።

የኢየሩሳሌም ጓደኛ አባት ይግዛው ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበር ይባላል። ሰኞ ዕለት ልጁን ሀይማኖትን ከኋላው አስከትሎ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። «የኔም ልጅ አለችበት» አለ። ከእሱ በኋላ አንዲት እናት፣ ከዚያም ሌሎች መጡ። አበጀ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምስክር የቆሙት ኢየሩሳሌምና የኔነሽ ብቻ አልነበሩም። ተፈረደበትና ወህኒ ወረደ። አቶ ደምሌ ፍርዱን ሊሰሙ መጥተው ነበር፤ ሲወጡ የኔነሽን ደጃፉ ላይ አገኟትና «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። «እግዜር ይቅር ይበለን» ብላ አለፈች። ክፉም ደግም አልጨመረችም።

ሁሉም ነገር ደህና ሆነ ማለት አይደለም። ኢየሩሳሌም ያ ዓመት አምልጧት ዘጠነኛ ክፍልን ደገመች። ፎቶውን አሁንም አልፎ አልፎ የሚልክ አይጠፋም። ጨርቃቸውን መልሰው ከወሰዱት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ወደ ሌላ ሰፊ ነው የሚሄዱት። የኔነሽ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የተማሪዎቹን ደንብ ልብስ ስትለካ «ፓስወርድሽን ማን ነው ያወጣልሽ?» ብላ መጠየቅ ልማድ ሆኖባታል። ሰው ነው ያወጣልኝ ያለችውን ልጅ እዚያው አስቀምጣ ካላስቀየረች ልኬቱን አትጀምርም። ልጆቹ ይስቁባታል፤ ይቀይራሉ ግን።

አበጀ ታስሮ ሲወጣ ክፍሉን መልሶ ለመከራየት የቤቱን ባለቤት አናግሮ ነበር። የኔነሽ ይህን ስትሰማ ባለቤቱ ዘንድ ብቻዋን አልሄደችም። ይግዛውን፣ ምስክር የቆሙትን እናቶች ሁሉ አስከትላ ሄደች። ባለቤቱ ገና በሩ ላይ ሲያያቸው «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፤ አላከራየውም» አለ። አበጀም ከዚያ ወዲህ በከተማው አልታየም።

ኢየሩሳሌም በ2012 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የኔነሽን ያገኘኋት ያን ዓመት ነው፤ አንድ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ። ወሬ ወሬን እያነሣው ይህን ሁሉ አወራችልኝ፤ መኪናዋን መርገጥ ሳታቆም።

«ከእንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ነው» አልኋት። «ሩቅ አገር፣ ብቻዋን፣ ስልክ ይዛ። አትፈሪም?»

እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣችና አየችኝ።

«እፈራለሁ እንጂ፤ እናት አይደለሁም? ክፉ ሰው የሌለበት አገር የለም። እንኳን በስልክ በደጅም ይመጣል። ግን አንድ ነገር ቢገጥማት መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው። ይህን አውቃለሁ። እንደማልመታት፣ እንደማልደብቃት ታውቃለች። ሌላውን ሁለታችን እንችለዋለን። በል አሁን ተነሣ፣ የእግርህን ርዝመት ልለካ።»